ዳግመኛ የማትሄዱበት የአውሮፓ ከተማ የትኛው ነው? አባቴን ይዤ ከመሄዴ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ

ጥያቄ፦ የመምህሩ ልጅ፣ ፍራንክፈርት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በአውሮፓ ለምትኖሩና ለጉብኝት መጥታችሁ ለተመለሳችሁ ወገኖቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ ጊዜ አይታችሁት «ሁለተኛ አልመለስበትም» ያላችሁት የአውሮፓ ከተማ ወይም አካባቢ የትኛው ነው? ምክንያታችሁስ ምን ነበር? ስለ ቦታዎቹ ውበት የሚነግረን ሰው ሞልቷል፤ ቅር ብሎት የተመለሰው ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

የምጠይቀው ለወሬ ያህል አይደለም። አባቴ በመጪው ጥቅምት ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የአውሮፓን ወንዞችና ተራሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲስሉ ኖሩ እንጂ አንዱንም በዓይናቸው አላዩም። ቪዛው በስንት መከራ እንደሚገኝ ታውቁታላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ብዙ ጊዜ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ መስጠት ቀርቷል፤ ማመልከቻው የሚታይበት መደበኛ ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። በዚያው ዓመት በጁን ወር ደግሞ ክፍያው ከ80 ወደ 90 ዩሮ አድጓል። አባቴ ያገኙትም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ፣ የ14 ቀን ቪዛ ነው። ሌላው ሰው የሄደበት ከተማ ካልጣመው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ይሞክራል፤ እርሳቸው ግን ሌላ ዕድል ማግኘታቸውን እርግጠኛ መሆን አልችልም። ስለዚህ ለጉዞ ከምናውላቸው ዘጠኝ ቀናት አንዱንም በከንቱ ማሳለፍ አልፈልግም።

የእኔን ቅሬታ ላስቀድም። ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቬኒስ ሄጄ ነበር። ጠዋት ደርሰን ማታ ለመመለስ ነበር ሐሳባችን። ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ ስንወጣ ቦዩና ሰማያዊው ውሃ ፊት ለፊታችን ድቅን ሲል የተሰማኝን ደስታ አልክድም፤ ነገር ግን ከሪያልቶ ድልድይ እስከ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ያለውን መንገድ የሄድነው በእግራችን ሳይሆን በሰው ግፊት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሙቀቱ ያፍናል፣ መቀመጫ የለም፣ በድልድይ ደረጃ ላይ አረፍ ያለ ሰው ወዲያው እንዲነሣ ይነገረዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ከአንድ ምግብ ቤት ገብተን በዝርዝሩ ላይ 9 ዩሮ የሚል ዓሣ ለሦስት አዘዝን። ሂሳቡ ሲመጣ ዓሣው ብቻ 58 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ሆኖ አገኘነው። አስተናጋጁ ምንም ሳይናገር ከዋጋው ጎን ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ በጣቱ አሳየን። ለካ ዋጋው የተጻፈው ለ100 ግራም ኖሯል። በዚያ ላይ ለመቀመጫ ተብሎ በነፍስ ወከፍ ሌላ ክፍያ ተጨምሮበታል። ገንዘቡ ብቻ አልነበረም ያናደደኝ፤ ቀኑን ሙሉ እንደ እንግዳ የተቀበለን አንድም ሰው አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ቬኒስን ከዝርዝሬ ሰርዣለሁ። የቀሩኝ ፓሪስ፣ ሮም፣ የክሮኤሺያው ዱብሮቭኒክና የኦስትሪያው ሃልሽታት ናቸው። አባቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃና ረጅም ሰልፍ ይከብዳቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ የምጸጸትበትን ቦታ አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ካለ ውለታው አይረሳኝም።


መልስ፦ ተጓዥ፣ ስቶክሆልም

አባትዎን እንኳን በሰላም ያምጣልዎ። እኔ የማልመለስበት ዱብሮቭኒክ ነው። ከተማው አስቀያሚ ነው ማለቴ አይደለም፤ የአድሪያቲክን ባሕር ተንተርሶ የቆመው ግንብ ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን በላዩ ላይ ዙሪያውን መሄድ ይቻላል፤ ከዚያ ላይ ሆነው ቀዩን የሸክላ ጣሪያና ባሕሩን ቁልቁል ሲያዩ የመጡበትን ድካም ይረሳሉ። ነገር ግን አሮጌው ከተማ እጅግ ጠባብ ነው። በዓለም የታወቀ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ እዚያ ከተቀረጸ በኋላ የሚጎርፈው ሰው ብዛት ከአቅሙ በላይ ሆነበት፤ የከተማው አስተዳደርም ከመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች ጋር ተስማምቶ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ መርከቦች እንዳይቆሙ፣ ተሳፋሪውም ከ4,000 እንዳይበልጥ ለመገደብ ተገደደ። ይህ ገደብ ባለበት ዘመን እንኳ እኛ በሐምሌ ስንሄድ ዋናው መንገድ ሰው በሰው ላይ ነበር።

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ግንቡ ላይ የወጣነው ረፋድ ላይ ነው። መግቢያው ለአንድ አዋቂ 40 ዩሮ ነበር። እርስዎን የሚመለከት አንድ ነገር ልንገርዎ፤ በግንቡ ላይ የሚኬደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ትንሿ ልጄ ከመንገዱ ሩብ ላይ በፀሐይ ደክማ «እንመለስ» ብላ ማልቀስ ስትጀምር ወደ ገባንበት መመለስ እንደማይፈቀድ ተነገረን። ጥላ የለም፤ ድንጋዩ ራሱ ይፋጃል፤ ደረጃው ቁጥር የለውም። በትከሻዬ ተሸክሜያት ቀጣዩ መውረጃ እስኪደርስ ድረስ ባሕሩን አላየሁትም። የአባትዎ ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ ይህንን አልመክርዎትም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ለያዘ ሰው ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ክሮኤሺያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የሼንገን አባል ስለሆነች መግባቱ ችግር የለውም። ነገር ግን ከዱብሮቭኒክ በቀን ደርሶ መልስ የሚሸጡት ታዋቂ ጉብኝቶች ወደ ሞስታርና ወደ ኮቶር ናቸው፤ ሞስታር በቦስኒያ፣ ኮቶር በሞንቴኔግሮ ያሉ ከተሞች እንደመሆናቸው ሁለቱም ከሼንገን ውጭ ናቸው። አባትዎ አንዴ ከወጡ ተመልሰው መግባት አይችሉም። የጉብኝት ሻጩ ይህን አይጠይቅዎትም፤ የሚያስታውሰው ድንበር ጠባቂው ነው። ቀድሞ ከሌላዋ የክሮኤሺያ ከተማ ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ በመኪና የሚሄድ ሰው በቦስኒያ መሬት ማለፍ ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የፔልየሻትስ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ ግን ይህ ቀርቷል።

ሃልሽታትን በተመለከተ አጭር ነው መልሴ። ነዋሪው ስምንት መቶ የማይሞላ የኦስትሪያ መንደር ሲሆን በሚበዛበት ቀን እስከ 10,000 ጎብኚ ይደርስበታል። ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 መንገድ ዘግተው «ይብቃን» ብለው ተቃውመዋል። ሐይቁና ተራራው የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ሆኖም ለአንዲት ፎቶግራፍ አምስትና ስድስት ሰዓት መጓዝ ለአባትዎ የሚሆን አይመስለኝም። ተመሳሳይ ሐይቅና ተራራ በዚያው ዙሪያ በብዛት አለ።


መልስ፦ የፓሪስ ነዋሪ

በፓሪስ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ከአገር ቤትም ከአሜሪካም የመጡ ብዙ ዘመዶቼን ተቀብዬ ሸኝቻለሁ፤ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ «ሁለተኛ አልመጣም» ብለው ሄደዋል። ለምን እንደሆነ ሳስበው ምክንያታቸው ሁልጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ኪስ አውላቂ ነው፣ ወይ ሞና ሊዛ ናት።

ስለ ኪስ አውላቂው ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአክስቴ ልጅ በባቡር በር አጠገብ ቆማ ስልኳ ላይ ካርታ እያየች ሳለ በሩ ሊዘጋ ሲል ከእጇ መንጭቀዋት ወረዱ። አባትዎ ፓስፖርታቸውን በጀርባ ቦርሳ ወይም በኋላ ኪስ እንዳይዙ አደራ፤ ከውስጥ ልብስ ሥር በአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ይግዙላቸው።

ስለ ሞና ሊዛ ግን ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ሥዕሏ 77 በ53 ሳንቲ ሜትር ናት፤ በአገራችን ቤቶች ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው የቤተሰብ ፎቶግራፍ ብዙም አትበልጥም። ሉቭር እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 8.7 ሚሊዮን ሰው ያስተናገደ ሙዚየም ሲሆን ከገባው ሰው አብዛኛው ወደዚያች አንዲት ክፍል ይተማል። ሰልፉን ጨርሰው ሲደርሱ የሚያዩት ወደ ላይ የተዘረጋ የስልክ ደን ነው፤ ሥዕሏን በገዛ ዓይንዎ ሳይሆን ከፊትዎ በቆመው ሰው ስልክ ውስጥ ያዩዋታል። ከዚያ ጠባቂዎቹ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» ይላሉ። ዘመዶቼ ከዚያ ክፍል ሲወጡ ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ያሳዝነኛል።

አሁን ደግሞ በዚያው ክፍል ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር ልንገርዎ። ለሞና ሊዛ ጀርባዎን ሰጥተው ይዙሩ። ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የያዘው ሥዕል ቃና ዘገሊላ ነው፤ እኛ ጥር 12 ቀን የምናከብረው ያው የሠርጉ ቤት ተአምር። ከፍታው 6.77 ሜትር፣ ስፋቱ 9.94 ሜትር ሲሆን በሙዚየሙ ካሉት ሥዕሎች ሁሉ ትልቁ ነው። ቬሮኔዜ የተባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1563 የጨረሰው በቬኒስ ለሚገኝ ገዳም የምግብ አዳራሽ ነበር፤ የናፖሊዮን ጦር በ1797 ከግድግዳው አውርዶ፣ ለጭነት እንዲመች ቆራርጦ ወደ ፓሪስ አመጣው። ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ ብዙ ቅርስ ወደ ጣሊያን ሲመለስ ይህ ግን ቀረ። አሳላፊው ወይኑን ከጋን ወደ ማድጋ ሲገለብጥ፣ ሙሽሮቹ ከጠረጴዛው ዳር ተቀምጠው፣ ጌታ ከመካከል ሆኖ ይታያል። በሺህ የሚቆጠር ሰው በየሰዓቱ ጀርባውን ሰጥቶት ይቆማል። አጎቴ ቄስ ናቸው፤ እዚህ ሥዕል ፊት ግማሽ ሰዓት ቆመው ከሰው ሁሉ ጋር ተገፋፍተው ያላዩትን ሞና ሊዛን ከናካቴው አልጠየቁኝም።

ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ስለሚከፈት ከ11 ሰዓት በኋላ ይግቡ፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ ለሚመጣ ጎብኚ መግቢያው 32 ዩሮ እንደሆነ ግን አስቀድመው ይወቁት።

በኬ ብራንሊ ሙዚየም ደግሞ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተልጠው የተወሰዱ ሥዕሎች አሉ፤ ዳካር ጅቡቲ የተባለው የፈረንሳይ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1932 የወሰዳቸው ናቸው። አባትዎን ቅር ሊያሰኛቸው ይችላል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት እንባዬ መጣ። ቢሆንም አንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ፓሪስ መጥቶ እነዚያን ሥዕሎች ሳያይ መመለስ ያለበት አይመስለኝም።


መልስ፦ የባቡር መንገደኛ፣ ማንሃይም

የእኔ ምክንያት ከሰው ብዛትም ከዋጋም የተለየ ነው። የከተማውን ስም አልጠራም፤ የአንድ ቀን ነገር ይዤ አንድን አገር ማማት አልሻም። ከባለቤቴ ጋር ድንበር በሚያቋርጥ ባቡር ላይ ሳለን ሁለት ፖሊሶች ገብተው ስልሳ ያህል ሰው ካለበት ፉርጎ የእኛን ሁለታችንን መታወቂያ ብቻ ጠየቁ። ወረቀታችን ሙሉ ነበር፤ አመስግነው ሄዱ። ባለቤቴ ግን እስክንደርስ ድረስ አልተናገረችም፤ በከተማው የነበርንባቸውን ሦስት ቀናትም እጇ ከቦርሳዋ ላይ አልተነሣም። የአንድ ከተማ ሕንፃ ምንም ያህል ቢያምር ሰው እንደዚያ ሆኖ ያየውን ነገር አይወደውም። ለአባትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ቢጠየቁም እንደ ውርደት እንዳይቆጥሩት፣ ፓስፖርቱን፣ የጉዞ መድን ወረቀቱንና የግብዣ ደብዳቤውን በአንድ አቃፊ ይያዙላቸው።

ባርሴሎናን የሚያስብ ሰው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ነዋሪዎቹ ጎብኚዎችን በመጫወቻ ሽጉጥ ውሃ እየረጩ ሰልፍ የወጡባት ከተማ ናት። በቤት ኪራይ መናር መረራቸው። አስተዳደሩ ለጎብኚ የሚከራዩትን ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ቤቶች ፈቃድ እ.ኤ.አ. እስከ 2028 መጨረሻ ለማስቀረት አስቧል። በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያንገበገበው ሰው የእነርሱ ብሶት ይገባዋል፤ ስለዚህ እዚያ የሚያርፍ ሰው ቢያንስ በሆቴል ቢያርፍ መልካም ነው።


መልስ፦ እናት ከፓዶቫ

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንደ ልጄ አይቼ «አንቺ» ስልሽ ቅር አይበልሽ። ጣሊያን ከገባሁ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ቬኒስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሴት እየጦርኩ ኖሬአለሁ። የደረሰብሽን አላስተባብልም። ነገር ግን ቬኒስን በነሐሴ፣ ያውም ጠዋት ገብቶ ማታ ለመውጣት አይቶ መፍረድ ገበያ ውሎ ስለ አንድ ቤተሰብ እንደመመስከር ይሆናል። ያየሽው ገበያውን ነው።

የምጦራቸው እናት የተወለዱት እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሮጌው ከተማ ወደ 175,000 የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ ከ50,000 በታች ወርዷል። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ከበራችን ሥር ያለው ሥጋ ቤት ተዘግቶ የጭምብል መሸጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ጫማ ሰፊው ሄደ፤ ለአንድ ኪሎ ሥጋ የገበያ ጋሪ እየጎተትኩ አራት ድልድይ መውጣትና መውረድ ጀመርኩ። እንግዳ ሆነሽ «የተቀበለን ሰው የለም» ያልሽው እውነት ነው፤ የሚቀበልሽ ጎረቤት ከተማውን ለቆ ወጥቷል። የቀረው ደግሞ ደክሞታል። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኝላቸው እንጂ እንድትሸሻቸው አይደለም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ከተማው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ ሳያድር ከሚመለስ ጎብኚ በተመረጡ ቀናት 5 ዩሮ ማስከፈል ጀምሯል፤ በ2025 ደግሞ ዘግይቶ ለሚመዘገብ ሰው 10 ዩሮ ሆነ። ክፍያው የሚሠራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። ይህችን ሰዓት ልብ በያት። ሕዝቡ የሚጎርፈው በእነዚህ ሰዓታት ነው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ባቡሩም አውቶቡሱም ሰውን ጭኖ ይወጣል፤ ሌሊት ላይ የምትሰሚው የውሃውን ድምፅና የራስሽን ኮቴ ብቻ ይሆናል። አባትሽን ይዘሽ ሁለት ሌሊት እደሪ። ያደረ ሰው ይህን ክፍያ አይከፍልም፤ በጥቅምትም ጭራሽ የለም። ማደሪያሽን በካናሬጆ ወይም በካስቴሎ ሰፈር፣ ከጀልባ ማቆሚያ አጠገብ ፈልጊ።

ስለ ጉልበታቸው አትስጊ ማለት አልችልም፤ ከአራት መቶ በላይ ድልድይ ያለበት ከተማ ነው። ነገር ግን ቫፖሬቶ የሚባለው የሕዝብ ጀልባ አለ። አንድ ቁጥር ጀልባ በትልቁ ቦይ ላይ ከባቡር ጣቢያው እስከ ቅዱስ ማርቆስ ቀስ እያለ ይሄዳል። ለ75 ደቂቃ 9 ዩሮ ከ50፣ ለ24 ሰዓት 25 ዩሮ ስለሆነ የቀኑን ብትገዢ ያዋጣሻል። ከፊት ያሉት መቀመጫዎች ላይ አስቀምጫቸው፤ ከተማው በእርሳቸው ፊት ያልፋል። ቫላሬሶ በሚባለው ማቆሚያ ስትወርዱ እስከ አደባባዩ አንድም ድልድይ የለም።

የዓሣው ነገር በጣሊያን የተለመደ አሻሚ ነገር ነው። 100 ግራም እዚህ «ኤቶ» ይባላል፤ ከዓሣ ዋጋ አጠገብ ይህን ቃል ካየሽ አስቀድመሽ አስመዝኚና ጠቅላላውን ጠይቂ። አባትሽ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነ ማሪናራ የሚባለውን ፒዛ እዘዢላቸው፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጾሜን ያለፍኩት በእርሱ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ግን አባትሽ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው ስትዪ ልቤ የዘለለበት ምክንያት አለ። በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ባለው የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሠራው የዓለም ካርታ አለ። ክብ ነው፤ ዲያሜትሩ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ጣሊያን ይመላለሱ ነበርና ፍራ ማውሮ የአገራችንን ነገር ከእነርሱ አፍ ሰምቶ ጻፈ፤ ይህንንም የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ካህናት አውራጃዎቹንና ወንዞቹን በገዛ እጃቸው እየሳሉ እንዳሳዩት በካርታው ላይ ራሱ አስፍሮታል። አባይን፣ ተከዜንና አዋሽን የምታውቂባቸው ስሞች አሉበት። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1402፣ የአፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮችን ገጸ በረከት ይዘው ቬኒስ ገብተው ነበር። ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ ጎብኚ ይህን ካርታ አያየውም፤ የሚገባው በኮሬር ሙዚየም በኩል ሲሆን ሰው የሚሰለፈው ግን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው። እኔ የማውቀው የማጸዳት ሥራ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ወስዳ አሳይታኝ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከፊቱ ቆሜ «ይህ የማን አገር ነው?» ብለው የጠየቁኝን ሁለት ፈረንጆች «የእኔ» ብዬ መልሻለሁ።


መልስ፦ ተጓዥ፣ ስቶክሆልም

እትዬ፣ የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩት፤ ስለ ካርታው በእውነት አላውቅም ነበር። አንድ ስጋት ግን አለኝ። መከሩ በቬኒስ የጎርፍ ወራት መግቢያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ውሃው 187 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ከተማውን እንዳጥለቀለቀው እናስታውሳለን። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው በውሃ ውስጥ እንዴት ይሄዳሉ?


መልስ፦ እናት ከፓዶቫ

ልጄ፣ ስጋትህ ተገቢ ነው፤ ያን ሌሊት እኔም አሮጊቷን ወደ ላይኛው ፎቅ ይዤ ወጥቼ ነው ያደርኩት። ከ2020 ጥቅምት ወዲህ ግን ሞዜ የሚባለው ተንቀሳቃሽ ግድግዳ ይሠራል፤ ውሃው ከ110 ሳንቲ ሜትር በላይ እንደሚሆን ሲተነበይ ከባሕሩ ወለል ተነሥቶ መግቢያውን ይዘጋል። የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ የከተማው ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ውሃም ሊያርሰው ይችላል፤ ስለዚህ የውሃውን ትንበያ ከአንድ ቀን በፊት አይታ ካርታውን በደረቁ ቀን ማድረግ ነው። ኅዳርን ሳትጠብቅ በጥቅምት መጀመሪያ ብትመጣ ደግሞ የተሻለ ነው። ሰዓቱ ከተመቸኝ ፓዶቫ ባቡር ጣቢያ ወጥቼ ቡና አቀርብላቸዋለሁ፤ ከሙኒክ የሚመጣው ባቡር በእኛ ከተማ ያልፋል።


መልስ፦ የመምህሩ ልጅ፣ ፍራንክፈርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዱብሮቭኒክንና ሃልሽታትን ሰርዣለሁ፤ በተለይ ስለ ሞስታርና ኮቶር የተነገረኝ ባይኖር ኖሮ አባቴን ድንበር ላይ ላስቀር እንደምችል ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። ሮምንም በልቤ እያዘንኩ ሰርዣታለሁ፤ ዘጠኝ ቀን ለሦስት ከተማ አይበቃም፤ በልጅነቴ አባቴ በቁጭት የሚያወሩለት የአክሱም ሐውልትም ወደ ቤቱ ከተመለሰ ቆይቷል። የቀሩት ፓሪስና የሰረዝኳት ቬኒስ ናቸው። ፓሪስ ሦስት ቀን፣ ሉቭር ረቡዕ ማታ፣ ቃና ዘገሊላ ፊት የሚቀመጡበት ቦታ ካገኘሁ ሌላውን ክፍል ሁሉ ብተወው አይቆጨኝም። ከዚያ በሙኒክ አድርገን፣ አልፕስን በብሬነር መተላለፊያ አቋርጠን በባቡር እንወርዳለን። ብሬነርን ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ሲስሉት አይቻለሁ።

ለእትዬ የምነግርዎት ነገር አለኝ። ትናንት ማታ ደውዬ ስለ ካርታው ነገርኳቸው። ፍራ ማውሮ ደቡብን ወደ ላይ፣ ሰሜንን ወደ ታች አድርጎ እንደሣለው አንብቤ ስለነበር ያንንም ጨመርኩላቸው። መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አሉ። ከዚያ «ደቡብ ከላይ ከሆነ እኛ ከአውሮፓ በላይ ነን ማለት ነው» አሉ፤ የወንዞቹን ስም ልነግራቸው ስጀምር ደግሞ «ተይ፣ አትንገሪኝ፤ ደርሼ ራሴ አነባቸዋለሁ» ብለው አስቆሙኝ። መነጽራቸውን ሊያስለኩ ነገ ጠዋት ፒያሳ ይወርዳሉ። እኔም የባቡሩን ቲኬት ዛሬ ማታ እቆርጣለሁ፤ ፓዶቫ የምንደርስበትን ሰዓት እጽፍልዎታለሁ።